የላንድሮቨሩ የፊት እግር

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

ይህች ወረቀት ጤናህ ሳይጓደል፣ ሥራህ ሳይበደል ታግኝህ። በሰው አገር የሚያዝንልህ እንጂ የሚያዝንብህ አያጋጥምህ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። በመስከረም የላክኸው የወባ ኪኒንና ጨርቁ ደርሶኛል። ጨርቁን ለእኔ ብለህ እንደ ላክኸው አውቃለሁ፤ ግን ለብዙወርቅ የትምህርት ቤት ልብስ አሰፋሁበት። ወንድምህ ወርቅነህ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሳትጠይቀን ያለፈ በዓል የለም። የሟች ባል ወንድም እንዲህ ሲያደርግ በጂንካ አላየሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መኪናው ነው። ላንድሮቨሩን አንተ ራስህ ሞተሩን አውርደህ የሠራኸው ነውና ከሌላ ሰው ይልቅ አንተን ይመለከታል። ወርቅነህ ከሞተ በኋላ ዶላሞ የሚባል የአሪ ልጅ እየነዳ እህልና ሰው ወደ ቀይ አፈር፣ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ ያመላልሳል። የምንበላው ከዚያ ነው። ባለፈው ወር ከካኮ በታች ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ የፊት እግሩ፣ ሁለቱን የፊት ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ ተሰበረ። ዲፈረንሻሉ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ተሰንጥቆ፣ በውስጡ ያለው፣ ጎማውን የሚያዞረው ሴሚያሴም ተቆርጧል። ዶላሞ አሥር ኩንታል ለሚችለው አሥራ ስድስት ጭኖ ነበር። «እትዬ፣ ሰዎቹ ለመኑኝ» ነው የሚለው። መካኒኩ ዳርጌ ሁለት ጊዜ በየደው፤ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። «ይህ እግር ለዚህ አገር አይበቃም። ሙሉውን አውጥተን ወፍራም ካላስገባንለት እኔ ከእንግዲህ ብየዳዬን አላባክንም» ብሎኛል።

ሣህሌ፣ ከገበያው ራስ ሱቅ ያለው፣ መኪናውን ልግዛ ብሎ መጥቷል። ዋጋው የጎማዎቹን እንኳ አይሞላም። «የሞተ በሬ ቆዳው ሳይደርቅ ነው የሚሸጠው» ብሎ አሾፈብኝ። እስከ ፋሲካ መልስ እሰጥሃለሁ አልኩት። ከሸጥኩት ልጆቹን የማሳድግበት ሌላ ነገር የለኝም። አቅማችን የሚችለው ምን ዓይነት የፊት እግር እንደሆነ ምከረኝ።

ተናኜ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኜ፣

ሰላምታዬ ደጃፍሽን አልፎ እስከ ጓዳሽ ይግባ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እኔ ጤና ነኝ፤ ቀን ጋራዥ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ሁሉ ዝናብ ነው።

ደብዳቤሽን ለጋራዡ ሰዎች አነበብኩላቸው። አሥራ ስድስት ኩንታል የሚለው ላይ ስደርስ አለቃችን ቆቡን አውልቆ መኪናውን አመሰገነው። ለዶላሞ ንገሪው፤ ሰዎቹ ሲለምኑት መኪናውም ይለምነው እንደነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሦስት መንገድ አለሽ። አንደኛው ያንኑ ዓይነት የፊት እግር ከአዲስ አበባ አሮጌ ማስመጣት ነው። ይረክሳል፤ ግን ከዓመት በኋላ ይህንኑ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ። ሁለተኛው የቶዮታ ነው። ቱቦው ወፍራም፣ ሴሚያሴውም ጠንካራ ነው፤ እዚህ ብዙ ሰው ላንድሮቨር ላይ ይገጥመዋል። ዲፈረንሻሉ እንደ ላንድሮቨር ወደ ቀኝ ስለሆነ ቦታው ይስማማል፤ የባልስትራው መቀመጫ ብቻ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ሦስተኛው አፍንጫ የሌለው ትልቁ ላንድሮቨር የሚሠራበት ከባድ እግር ነው። ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነበር፤ ግን ብርቅ ነው። እዚህ እንኳ ሲገኝ ዋጋው የመኪና ያህል ነው።

የእኔ ምክር ቶዮታው ነው። በኮንሶ መንገድ የተገለበጠ ቶዮታ አይጠፋም፤ ዳርጌ ይጠይቅ። ያለኝን ትንሽ ነገር ለብየዳው እልካለሁ። ለሣህሌም በሬው አልሞተም፣ አንካሳ ነው በይልኝ።

ዓባይነህ


ጂንካ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈህ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የምታስበው ይሙላልህ። ለብየዳው የላክኸው ደርሷል፤ ሳልነካው አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንዳልነካሁት ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ።

ቶዮታው ተገኝቷል። ዳርጌና ዶላሞ ኮንሶ ሄደው አዩት። ሻጩም አልከፋም። ነገር ግን ወርቅነህ ያስቀመጠው የመኪናው መጽሐፍ አለ። እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ ቁጥሩንና ሥዕሉን ግን አያለሁ። አንድ ሥዕል ላይ የጥርስ ቁጥር ተጽፎ አየሁና ዳርጌን ጠየቅኩት። «የኋላውና የፊቱ ጥርስ እኩል መሆን አለበት?» ስለው መጽሐፉን ተቀብሎ አየው። ከዚያ «እትዬ፣ እርስዎ ወደ ጋራዥ ይምጡ፣ እኔ ቤት ልዋል» አለኝ።

አብረን ለካነው። የኋላውን አንድ ጎማ አነሣንና ሌላውን መሬት አስያዝነው። ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። የተነሣው ጎማ ሁለት ዙር ሲዞር ዘንጉ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ዶላሞ ኮንሶ ተመልሶ ቶዮታውን እንዲሁ ቆጠረው። የርሱ አራት ዙርና ትንሽ ነው። እንግዲህ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ባስገባን ጊዜ፣ አንዱ ፈጣን አንዱ ዘገምተኛ በሬ እንደ መጥመድ ነው። በደረቁ ወንዝ ውስጥ እርስ በርሳቸው ሲጓተቱ የሚሰበረው ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የጎማው ቡሎንም የላንድሮቨሩ አምስት፣ የቶዮታው ስድስት ነው። አንተ የምትለውን መጣሌ አይደለም። በዚህ ሙያ አንተ አስተማሪ ነህ።

ዶላሞ አንድ ነገር ነገረኝ። ዱስ ላይ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ አፍንጫ የሌለው ላንድሮቨር ቆሟል። ከአብዮቱ በፊት ለአደን የሚመጣ አንድ ፈረንጅ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ፣ ስለ ጠበቀለት ብሎ ለአንድ የካራ ሽማግሌ የሰጠው ነው። ሽማግሌው ኦይታ ይባላል። ወርቅነህ እህል ይዞ ሲወርድ ከርሱ ቤት ነበር የሚያድረው፤ በእነርሱ ልማድ የወዳጅነት ቃል ነበራቸው። ዶላሞ በእህል መኪና ወርዶ የፊት እግሩን ሽጥልን ብሎ ለመነው። «ለወርቅነህ ቤት አልሸጥም» አለው። ዋጋ ቢጨምርለት ተቆጥቶ ተነሣ። ምን እንዳስቀየምነው አላውቅም። ያም ተዘጋ። እንግዲህ አንተ ምን ትላለህ?

ተናኜ


ናይሮቢ፣ የካቲት 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኜ፣

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምሽ።

ስለ ቶዮታው ልክ ነሽ። እዚህ ሰው ሲቀይር የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ ስለሚቀይር ጥርሱን ነገሬ ብዬ አላየሁትም። ያላሰብኩትን አሰብሽ። አመሰግንሻለሁ።

ስለ ኦይታም አሳብ አለኝ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። ከባድ እግር ሲገባ እግሩ አይሰበርም፤ ምቱ ሁሉ ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናው አጥንት፣ ይወጣል። ሻንሲው ከዚህ በፊት ካልተጎዳ ይችለዋል። ከተጎዳ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰውም ይጎዳል። በ1970 ዓ.ም. እኔ ስመጣ የፊት እግሩ ተሰብሮ ቆሟል ብለሽኝ ነበር። ያኔ የተሰበረው ምኑ ነው? በምን ተመታ? ማን ጠገነው? ሻንሲው ተነክቶ ከነበረ ሥራው ይቅር፤ ሣህሌ የሚሰጥሽን ተቀበዪ። ይህን ሳላውቅ ግጠሚ ልልሽ አልችልም።

ዓባይነህ


ጂንካ፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

እግዚአብሔር ያኑርህ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የእንስሳት ሐኪሙ ዘውዴ ስለ ገንዲ በሽታ ሊሠለጥን ወደ ናይሮቢ ስለሚመጣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። መልስ ካለህም በእርሱ ላክልኝ።

በ1970 ዓ.ም. የመኪናው የፊት እግር አልተሰበረም። ምንም አልሆነም ነበር። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ወርቅነህ ስብሰባ ሄዶ ነበር። እኔ ብዙወርቅን ከወለድኩ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። «እትዬ፣ እየፈለጉኝ ነው፤ ወንድሜ እስከ ኦሞራቴ ያድርሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዴን አውቃለሁ» አልከኝ። በዚያው ሳምንት የሸሸ ሰው ደበቅህ ብለው የጎረቤታችንን ባል ወስደውት ነበር። ወርቅነህ አንተን እምቢ እንደማይል አውቅ ነበር። የዋሸሁትም ስለዚያ ነው። «የፊት እግሩ ተሰብሯል፤ መኪናው አይንቀሳቀስም» አልኩህ። መኪናው ከጀርባዬ ቆሟል። በሶ ቋጠርኩልህና ሸኘሁህ። ለወርቅነህ ደግሞ «መጥቶ ነበር፤ በእግሬ ይሻለኛል ብሎ ሄደ» አልኩት። እርሱ ሲሞት ያመነው ይህንኑ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤህ ደረሰ። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ወርቅነህም ዓይኑ ታሞ ነበር። መሪጌታ በሩን ዘግተው አነበቡልን። በሐመር አገር አሥራ አንድ ቀን መጓዝህን አነበቡ። ከግራ እግርህ ሁለት ጣት መቆረጡን አነበቡ። መጨረሻው ላይ «እትዬ ተናኜ ለቋጠረችልኝ በሶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያደረሰኝ እርሱ ነው» ይላል። ወርቅነህ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ? አንቺን ነው ያመሰገነው» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። ሰው ለመሠረተ ትምህርት ነው ይል ነበር። አይደለም። ምናልባት መሪጌታ አሳስተው አንብበው ይሆናል፤ ራሴ ባነበው ሌላ ነገር ይል ይሆናል ብዬ ነው። በዓመቱ ራሴ አነበብኩት። አላሳሳቱም።

ጨርቅ ስትልክ፣ ኪኒን ስትልክ፣ የማመሰግንህ ከልቤ ነው። ግን ምስጋናዬ ሁሉ በዚህ ውሸት ላይ ቆሞ ኖሯል። አሁን የጠየቅኸኝ ስለ ሻንሲው ነው። ውሸቴን ብይዘው የወንድምህ መኪና በውሸት ይሸጣል። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ሻንሲው አልተነካም። ከዚህ በኋላ አልጽፍልሽም ብትል አልፈርድብህም።

ተናኜ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኜ፣

ይህ ደብዳቤ ከፋሲካው በፊት ይድረስልሽ። ዘውዴ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። እዚያው እንደ ተኛሁ አነበብኩት። አለቃችን ተኛህ ወይስ ትሠራለህ እስኪለኝ አልወጣሁም።

ግማሹን አውቅ ነበር። በራችሁ ላይ ስደርስ የጎማው አሻራ በጭቃው ላይ ትኩስ ነበር። የተሰበረ እግር ደግሞ ዘይቱን ያፈሳል፤ ከመኪናው ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነበር። አንቺ ሕፃን ታቅፈሽ በሶውን ስትቋጥሪ ወደ መኪናው ዞረሽ አላየሽም። ምን ብዬ ልጠይቅሽ? በኋላም ምናልባት ወንድሜ ራሱ ነው እንዲህ በዪው ያላት እያልኩ ነው የኖርኩት። ያ ነበር ከሁሉ የሚከብደኝ። እርሱ አለማወቁን ዛሬ ነገርሽኝ። ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ከላዬ አወረድሽልኝ።

እውነት ስለ ነገርሽኝ እኔም አልደብቅሽም። ከዲመካ በታች እግሬ ሲያብጥ ረገምኩሽ። ማታ በሶውን በጥብጬ ስጠጣ መረቅሁሽ። በአንድ ቀን ሁለቱንም አደርግ ነበር። እርግማኑን ከጥቂት ዓመት በኋላ ተውኩት። ወርቅነህ ቢያደርሰኝ ኖሮ ኬላው ላይ ምን ይገጥመን እንደነበር አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። የማውቀው ልጆቹ አባታቸውን አምስት ዓመት ማየታቸውን ነው። ስለዚህ ጨርቁን መላኬን አልተውም። ብዙወርቅ ቁመቷ ስንት ደረሰ?

ጥያቄዬን ስጽፍልሽ ግማሹ በእርግጥ ስለ ሻንሲው ነበር። ግማሹን ግን ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ምክንያት ሳላገኝ ልጠይቅሽ አልደፈርኩም ነበር። በዚህ አንቺም ይቅር በዪኝ።

አሁን ስለ ኦይታ። በአንቺ አልተቆጣም፤ ሳያውቅ የሰደበው ዶላሞ ነው። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ የወዳጅነት ቃል በአንድ ሰው ሞት አያልቅም፤ ወደ ቤቱ ያልፋል። ወዳጅ ለወዳጅ አይሸጥም። ያለው ይሰጣል፣ የቸገረው ይጠይቃል፤ ነገ ደግሞ በተራው ይጠየቃል። «ለወርቅነህ ቤት አልሸጥም» ማለቱ እምቢ ማለቱ አይደለም። ዋጋ የጠራበት ሹፌር እንጂ የቤቱ ሰው መጥቶ አልጠየቀውም። አንቺ ራስሽ ሂጂ። ገንዘብ እንዳታሳዪው። ፍየል ይዘሽ ሂጂ፤ የቸገረሽን ንገሪውና ዝም በዪ። ይህን የማውቀው በእግሬ ስለ ሄድኩ ነው፤ በሐመር አገር ከቤት ወደ ቤት ያሻገረኝ ይህ ልማድ ነው። በመኪና ብሄድ ኖሮ ዛሬ የምነግርሽ አልነበረኝም።

እግሩ ሲገኝ መጀመሪያ ጥርሱን እንደ ቆጠርሽው ቁጠሪው። እኩል ከሆነ ዳርጌ ባልስትራው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ብረት ይጨምር። አሥር ኩንታል፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ዓባይነህ


ጂንካ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

የሰጠኸኝን ሰላም እርሱ አብዝቶ ይመልስልህ። ብዙወርቅ ቁመቷ ከመስኮቱ ደፍ አልፏል። ወሬው ብዙ ነውና በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ከፋሲካ በኋላ ሣህሌን አልሸጥም አልኩት። «በምን ልትነጂው ነው፣ በጸሎት?» አለኝ። «በእግር» አልኩት። አልገባውም።

በሰኔ የእርዳታ እህል ወደ ዱስ ሲወርድ ከዶላሞ ጋር ተሳፈርኩ። ጂንካ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ኦሞን ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። ኦይታ ሸምግሏል። ፍየሉን ሰጠሁትና ከጥላው ሥር ተቀመጥኩ። እንዳልከኝ የቸገረኝን ተናግሬ ዝም አልኩ። ዶላሞ ያስተረጉማል። ኦይታ «ወዳጄ ከሞተ ስንት ዝናብ ሆነው?» አለ።

«ሦስት።»

«ሦስት ዝናብ የት ነበርሽ?»

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ። ወደ ዶላሞ በከዘራው እያመለከተ «ይህ ሰው ያለፈው ጊዜ መጥቶ የወዳጄን ቤት ገበያ አደረገብኝ» አለ። ዶላሞ ራሱ ላይ የተባለውን ራሱ እያስተረጎመ አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ሳቁበት። ከዚያ ኦይታ ተነሥቶ ወሰደን። መኪናው ውስጥ ዶሮ ያድርበታል። የፊት እግሩ ቱቦ ላይ ዝገት የለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍየል ሲታከክበት ኖሮ እንደ መስታወት ያበራል። «ፍየሎቼ ይቀየሙሽ ይሆናል» አለኝ።

እዚያው ቆጠርነው። የተነሣው ጎማ ሁለት ዙር፣ ዘንጉ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። እኩል ነው። ስምንት ወጣቶች የተፈታውን እግር በሁለት ወፍራም እንጨት ተሸክመው ባዶውን በሚመለሰው መኪና ላይ ጫኑልን። ኦይታ በተራው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የልጁ ሚስት ምጥ ሲጠናባት መኪናው ደርሶ ጂንካ ሐኪም ቤት እንዲያደርሳት። እሺ አልኩ። ለእርሱም ለቤቱም እሺ ነው።

ዳርጌ ዘጠኝ ቀን ሠራበት። ባልስትራው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ጨመረ፤ ዘንጉን ቆርጦ አሳጠረ። ለብየዳው የላክኸው ለዚሁ ዋለ፤ አልተረፈም፣ አላነሰምም። ሲጨርስ በሐምሌ ሣህሌ ራሱ መጥቶ አሥር ኩንታል ጨው ወደ ኦሞራቴ አድርሽልኝ አለ። አሥራ ሁለት ይሁንልኝ ብሎ ለመነኝ። ዶላሞ ከእኔ ቀድሞ «አሥር» አለው።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ለምን አለኝ፤ ሥራ የለኝም እዚያ። ከፊት ተቀመጥኩ። ቀይ አፈርን፣ ዲመካን፣ ቱርሚን አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። አሸዋው ውስጥ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ሲገቡ መኪናው ሳይጓተት ወጣ። ዶላሞ መሪውን እየመታ ይዘፍናል። እኔ ግን ከዲመካ በታች ጀምሮ አንተ በእግርህ የሄድህበትን መሬት ነበር የማየው። ድንጋዩን፣ እሾሁን፣ ውሃ የሌለበትን። ጠዋት ተነሥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦሞራቴ ገባን። ገና በመንገድ ላይ ሳለን ዶላሞ ፍጥነቱን ቀንሶ፣

«እትዬ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ? ልቁም?» አለኝ።

«አልወደቀብኝም። ዝም ብለህ ንዳ፤ ግን ቀስ በል» አልኩት።

ቀስ አለ። ወንድሜ፣ መንገዱን ሁሉንም አየሁት።

ተናኜ